ስንት ለስንት?

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ክትፎ ሳዝዝ፣ ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን እንግሊዝንና አሜሪካን ያጫውታል። ደስ አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ግን የ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ነው። ያውም 0 ለ 0 የወጡበት! ጣቢያው የሚያሳየው ቢያጣ ቢያጣ ጎል ያልገባበትን ጨዋታ ይደግማል? ይሁን። የባሰው ግን፣ ውጤቱን ሁላችንም እያወቅነው ጠረጴዛችን ላይ ጠብ መነሣቱ ነው።

አብረውኝ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ለንደን ሃያ ዓመት ኖሮ ሊጠይቀን የመጣው የአክስቴ ልጅ፣ ሌላው ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ። ልጁ «ሶከር» የምትለዋ ቃል አመለጠችው።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ የለንደኑ።

«ይሄ ነዋ፣ ጋሼ!» ልጁ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ።

«ይሄ ፉትቦል ይባላል፣ የኔ ልጅ። የእናንተው በእጅ ታቅፈውት የሚሮጡት ነው ስም የሚቸግረው።»

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁታላችሁ፤ «ሶከር» ሲባል አፍንጫቸውን ከሚነፉ ሰዎች ጋር ጠቤ የቆየ ነው። ቃሉን የወለዱት እንግሊዞች ራሳቸው ናቸው። በ1863 የእግር ኳስ ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ ጨዋታውን ከራግቢ ለመለየት «አሶሲዬሽን ፉትቦል» አሉት። ስም መቁረጥ የሚወዱት የኦክስፎርድ ጎረምሶች ደግሞ ራግቢን «ራገር» እንዳሉት፣ ከ«አሶሲዬሽን» መሀል «ሶክ»ን መዝዘው «ሶከር» አደረጉት። ማንቸስተር ዩናይትድን ያነገሡት ሰር ማት በዝቢ በ1973 ባሳተሙት ግለ ታሪክ ርዕስ ላይ «ሶከር» አለ። የአክስቴ ልጅ ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ የማያመልጠው የስካይ ስፖርትስ ፕሮግራም ስሙ «ሶከር ሳተርደይ» ነው። ይህን ስነግረው «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። እንዴት ሌላ እንደሆነ አልነገረኝም። እኛስ ብንሆን ምን አገባን? ኳስ በጭንቅላት ሲመታ ከጣልያን «ቴስታ»ን ተውሰን፣ ሳንመልስ የቀረን ሰዎች ነን።

የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች ልዩነት ስሙ ላይ ሳይሆን አስተያየታቸው ላይ ነው፤ አስተያየት ስል ዐይናቸውን ማለቴ ነው። ያንን ጨዋታ በጊዜው ያየሁት የምስጋና ቀን ማግስት፣ ዓርብ፣ እህቴ ሳሎን ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ የለንደን ስልክ ደቅኜ ነበር። የአሜሪካው ፑሊሲች የመታው ኳስ የግቡን አግዳሚ ሲያናጋው ሳሎኑ በደስታ ተናወጠ፤ በስልኩ ውስጥ የተሰማኝ ግን የለቅሶ ቤት ትንፋሽ ነው። ሲያልቅ እዚህ ተጨበጨበ። ስታዲየሙ ውስጥ ደግሞ፣ ከአራት ቀን በፊት ኢራንን 6 ለ 2 የሸኙት ተጫዋቾች ላይ የገዛ ደጋፊዎቻቸው ጮኹባቸው። ዜሮዋ ያቺው ዜሮ ናት፤ ለአንዱ ዕዳ፣ ለሌላው ቁጠባ ሆነች።

በ2010ሩ ዓለም ዋንጫ ሩስተንበርግ ላይም እንዲሁ ነበር። የእንግሊዙ ጄራርድ በአራተኛው ደቂቃ አገባ፤ በኋላ የአሜሪካው ዴምፕሲ ቀላል ምት ከበረኛው ከግሪን እጅ ሾልኮ ገባና 1 ለ 1 ተለያዩ። የእንግሊዝ ጋዜጦች በረኛውን ቀቀሉት። ኒውዮርክ ፖስት ግን አሜሪካ 1 ለ 1 «አሸነፈች» ብሎ ከፊት ገጹ ላይ ተሳለቀ። እንግሊዛዊ የ1966ን ዋንጫ እንደ አያት ርስት ስለሚቆጥር፣ ኳስ የሚያየው ርስቱን ሊያስመልስ ፍርድ ቤት እንደሚመላለስ ሰው ነው። አሜሪካዊ ገበያ እንደወጣ ሰው ነው፤ ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። ሜጀር ሊግ ሶከር በ1996 ሲጀመር አቻ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር፤ እኩል ከወጡ ተጫዋቹ ከ35 ያርድ ኳሱን እየገፋ መጥቶ በአምስት ሰከንድ ውስጥ በረኛውን ካላለፈ አበቃ። ሰዓቱም ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር። የአክስቴ ልጅ ይህን ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ።

ልጁ ግን አለቀቀውም። «በዚያው ዓለም ዋንጫ ዶኖቫን አልጄሪያ ላይ በ91ኛው ደቂቃ ያገባው ጎል ከሁሉም ይበልጣል» አለ። ልክ ነው። እሱን ጎል ለአሜሪካ ተመልካች በጩኸት ያስተላለፈው ኢያን ዳርክ ግን እንግሊዛዊ ነው። አሜሪካኖች ትልቁን ደስታቸውን እንኳ የሰሙት በእንግሊዝ አፍ ነው።

ጠቡ እዚህ ላይ ሳለ የማድ ቤቱ በር ተከፈተ። እጅጌውን የሰበሰበ፣ ሽርጡ የራሰ ወጣት አንገቱን ብቅ አድርጎ «ስንት ለስንት?» አለ።

«ኒል ኒል» አለ የለንደኑ። «ዚሮ ዚሮ» አለ የሜሪላንዱ።

«ገና ነው?»

«አልቋል፤ የድሮ ነው» አልኩት። ሳቀና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

እሱን ሳይ ጆ ጌትየንስ ትዝ አለኝ። የሄይቲ ልጅ ነው፤ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አያያዝ እየተማረ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥብ ነበር። በ1950 ከአስተማሪ፣ ከፖስተኛና ከአስከሬን መኪና ሹፌር ጋር ለአሜሪካ ተሰልፎ ለዓለም ዋንጫ ብራዚል፣ ቤሎ ሆሪዞንቴ ወረደ። በ38ኛው ደቂቃ፣ አስተማሪው ዋልተር ባህር የመታውን ኳስ ተወርውሮ በቴስታ ነካው። እንግሊዝ ተሸነፈች። በኋላ የ1966ን ዋንጫ ያመጡት አሰልጣኝ አልፍ ራምሴ ያን ቀን ከተሸናፊዎቹ ተከላካዮች አንዱ ነበሩ። ጌትየንስ የአሜሪካ ዜጋ ሳይሆን ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በ1964 የሄይቲው አምባገነን የዱቫሊየር ሰዎች ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ለሁለቱም ነገርኳቸው። «ያ ቀን ዕድል ነው እንጂ…» አለ የለንደኑ። «ዜጋ ሳይሆን እንዴት ተሰለፈ?» አለ የሜሪላንዱ። አንዱ ሽንፈቱን፣ ሌላው ወረቀቱን ያዘ።

ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ በማድ ቤቱ በር ብቅ አልኩ።

«1 ለ 0» አልኩት ልጁን።

«እንዴ! ማን አገባ?»

«ሳህን አጣቢው።»