ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚላክ ሰውና ቤተ ሰቡ

አንድ ሥራ አስኪያጅ በአገሩ ሥራውን ደኅና አድርጎ ስለ ያዘ ብቻ በባዕድ አገርም እንዲሁ ይቀናዋል ብሎ መገመት አይገባም። መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚመረምረው የሰውየውን ምስክር ወረቀትና ያለፈ አገልግሎቱን ነው፤ ጠባዩንና ቤተ ሰቡን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ችግሩም የሚነሣው ካልተመረመረው በኩል ነው።

ሮዛሊ ታንግ የተባሉ ምሁር በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ ውጭ የተላኩ ሹማምንት ሥራ የማይቃናበትን ምክንያት ኩባንያዎችን ጠይቀው ነበር። የአሜሪካ ኩባንያዎች በመጀመሪያ የቈጠሩት የትዳር ጓደኛ አገሩን መልመድ አለመቻልን ነው። ሁለተኛው የሹሙ የራሱ አለመልመድ፣ ሦስተኛው ሌላ የቤተ ሰብ ችግር ሆነ፤ የሙያ ጕድለት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ መጣ። የጃፓን ኩባንያዎች ግን በፊት ያነሡት የኀላፊነቱን ክብደት ነው። ስለዚህ ነገሩ በሁሉ ሕዝብ ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሆኖም ቤቱን ሳይመለከቱ ሰውን መላክ አደጋ እንዳለው ያስረዳል።

ምክንያቱን ማስተዋል አያስቸግርም። ባል በማለዳ ወጥቶ ከሚያውቀው ሥራ ይገባል፤ ጸሓፊና የሥራ ጓደኛ ይጠብቁታል። ሚስት ግን የራስዋን ሥራ፣ እናትዋን፣ ጎረቤትዋንና ማኅበርዋን ትታ ሄዳለች፤ በብዙ አገርም በባልዋ ስም የተሰጣት የመኖሪያ ፈቃድ ሥራ ለመያዝ አይበቃትም። በአገርዋ የተከበረች እመቤት ከገበያ ቆማ ዕቃ ለመጠየቅ ቃል ታጣለች። ልጆች ደግሞ ቋንቋውን ፈጥነው ስለሚለምዱ ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ ይሆናሉ፤ አስተርጓሚ የሆነ ልጅም ተግሣጽ መቀበል ይከብደዋል። ተሿሚዋ ሚስት ስትሆን ይኸው ፈተና ባልን ያገኘዋል።

ስለ ሹሙ ጠባይ ዮሴፍን እንመልከት። በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆሞ በግብፅ ላይ ተሾመ፤ ቋንቋቸውን ለመደ፤ ቤት መሠረተ፤ በኵሩንም የአባቱን ቤት መርሳቱን በሚያመለክት ስም ምናሴ ብሎ ጠራው። ነገር ግን ብንያምን ባየ ጊዜ ወደ እልፍኙ ገብቶ አለቀሰ። እንግዲህ ሹመት ናፍቆትን አያጠፋም። ናፍቆቱን እንደ ውርደት ቈጥሮ የሚሸሽግ ሰው በሚስቱና በልጆቹ ላይ ቍጣ አድርጎ ያወጣዋል።

ስለዚህ ሹመቱ ሲመጣ እሺ ከማለት በፊት ባልና ሚስት በአንድነት ይምከሩ። የሚስት ሥራ፣ የልጆች ትምህርት፣ የሸመገሉ ወላጆች ጧሪ አስቀድሞ ይታሰብ። ቋንቋውንም ሁለቱም ከአገር ሳይወጡ ይጀምሩ። ስለ ቤተ ክርስቲያንም ይጠይቁ፤ በዋሽንግተን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሉን፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ግን ቤተ ክርስቲያን መሥራት አይፈቀድም፤ ወደዚያ የሚሄድ ቤተ ሰብ በቤቱ ጸሎት የሚያደርስበትን ሥርዓት ከንስሐ አባቱ ጋራ ተማክሮ ይሂድ። የልደት በዓላችን የሥራ ቀን በሚሆንበት አገር አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ጾሙንም ለሥራ ባልደረቦች በትሕትና ማስረዳት፣ አፍሮ ከመሸሸግ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ሹሙ ማታ ሲመለስ የቢሮውን ወሬ ከማውራቱ በፊት ቤተ ሰቡ እንዴት እንደ ዋለ ይጠይቅ፤ መልሱንም ታግሦ ይስማ። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሥራ አስኪያጅ ሊተካ ይችላል፤ ለልጆቹ ግን ሌላ አባት አይተካላቸውም።

በመንገድም በማደሪያም እግዚአብሔር ይጠብቀን።