ስልኩን ለባለቤቱ እንመልስ!

ሌላውን ከመሂሳችን በፊት ግለ ሂስ እናድርግ። ለዕረፍት ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲና ወርደን ሳለ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ዓይነ ስውር አባት ስልካቸውን ይዘው «ልጆቼ፣ ምን ይላል?» አሉን። እኛ ምሁር ነን ባዮች ምን አደረግን? ስልኩን ከእጃቸው ወስደን፣ የተላከላቸውን ገንዘብና ቀሪ ሂሳባቸውን በመንገደኛው ሁሉ ፊት ጮክ ብለን አነበብን። አልበቃ ብሎን የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቅን። ምን ያድርጉ? ነገሩን። መረቁንም። ደረታችንን ነፍተን ሄድን።

ይሄ እርዳታ ነው እንዴ? ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። የሚስጥር ቁጥሩን ለአላፊ አግዳሚ የሚናገር ሰው ቦርሳውን አደባባይ ላይ ዘርግቷል። እንዲዘረጋ ያደረግነውም እኛ ነን!

«ታዲያ ሳያዩ እንዴት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ይሆናል! በአንድሮይድ ቶክባክ፣ በአይፎን ቮይስኦቨር የተባሉት ማያ አንባቢዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አሉ። ጣት ያረፈበትን ስሙን ይናገራሉ፤ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርጉት ይከፈታል። ኢስፒክ የተባለው ነጻ ድምፅ አማርኛ ያነባል። እርግጥ ድምፁ ሸካራ ነው፤ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

«አርጅተዋል፣ አይገባቸውም» ባዮችስ? ዳዊቱን በቃላቸው የሚደግሙ፣ ቅኔ የሚያስቆጥሩ ዓይነ ስውራን የኔታዎች በኖሩበት አገር ይህን መናገር ያሳፍራል። የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ ድፍረት ነው። ድፍረታቸውን የሰለበው ደግሞ «ይስጡኝ፣ እኔ ልደውልልዎ» የሚለው ችኩል እጃችን ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የመገናኛ ቴክኖሎጂን ተደራሽነት መብት ይለዋል እንጂ ምጽዋት አይለውም። መብትን በምጽዋት መልክ ማደል በዳይነት ነው።

እንግዲህ ወገኖች፣ ቀጥሎ አገር ቤት ስንገባ እጃችንን ኪሳችን ከተን አጠገባቸው እንቀመጥ። ማያ አንባቢውን እንዴት እንደሚከፍቱና እንደሚዘጉ በቃል እንንገራቸው። ጣታቸው ይሳሳት፤ እንደገና ይሞክር፤ ፍርሃት የሚለቀው ተሳስቶ ሲመለሱ ነው። የመጀመሪያውን ጥሪ ለልጃቸው ራሳቸው ይደውሉ። መልእክቱን በጆሮ ማዳመጫ ብቻቸውን ይስሙ። የሚስጥር ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር እንበል።

ያን ቀን ምርቃት ላናገኝ እንችላለን። አያስፈልገንም። ስልኩ ባለቤቱ እጅ ይግባ!