ትርፉ የእነሱ፣ ባዶው ጀሪካን የእኛ?

መቂ አካባቢ በማስተምርበት መድረሳ ደረሶቻችን ዉዱእ የሚያደርጉበትን ጀሪካን አንድ ቀን አንስቼ አየሁት። ከጎኑ የተፋቀ ወረቀት ቅሪት አለ፤ የቲማቲም መድኃኒት ነበረበት። ልጆቹ በዚያ ውሃ ስንት ጊዜ እንደተጉመጠመጡ አስቡት! ያመጣችው እናት፣ «ኡስታዝ፣ በአመድና በሙቅ ውሃ አጥቤዋለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አጥባዋለች። መርዙ ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? በየስብሰባው «የአርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት» ይሉናል። ሰምተን ሰለቸን! አርሶ አደሩ ባዶውን ዕቃ የት ይውሰደው? ቢያቃጥለው ጭሱን ከነልጆቹ ይተነፍሰዋል፤ ቢቀብረው ማሳው ውስጥ ነው፤ ቦይ ዳር ቢጥለው ጎርፍ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወስደዋል። የሸጠለት ሱቅ መልሶ አይቀበለውም። የጠብታ መስኖ ቱቦና የግሪንሃውስ ላስቲክም ዕጣቸው ያው ነው። (ዕድለኛው የማዳበሪያ ከረጢት ብቻ ነው፤ እህል ይያዝበታል፣ ስሙም «ማዳበሪያ» ሆኖ ቀርቷል።)

የለስላሳ ጠርሙስን ተመልከቱ። ባዶ ካልመለሱ ወይም መያዣ ካላስያዙ ባለሱቁ አይሰጥም። ለስኳር ውሃ የታሰበው ለመርዝ እንዴት ሳይታሰብ ቀረ?

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ሸክሙን አከፋፈለችው። ገበሬው ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመልሳል። ነጋዴው የመመለሻውን ቦታ ደረሰኙ ላይ ይጽፋል። ሰብስቦ የመውሰዱ ግዴታ የአምራቹ ነው፤ ኩባንያዎቹም በ2001 ለዚሁ ሥራ የጋራ ተቋም አቋቋሙ። ዛሬ ከፕላስቲክ ዕቃው ከ90 በመቶ በላይ ይመለሳል፤ አብዛኛውም ተፈጭቶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦና አዲስ የመድኃኒት መያዣ ይሆናል። የብራዚል ገበሬ ከመቂ ገበሬ የበለጠ አዋቂ ሆኖ አይደለም። የሚቀበለው ስላገኘ ነው።

«ወጪው ዞሮ ገበሬው ላይ ይወድቃል» የሚሉ አሉ። በከፊል ይወድቅ ይሆናል፣ አልክድም። ዛሬስ በነፃ ነው እንዴ? በታመመ ልጅና በሞተ ከብት እየከፈለ ነው። በፊቅህ ትርፉን የሚወስድ ኃላፊነቱንም ይሸከማል ብለን ከልጅነታችን ተምረናል። አስመጪው ከዚህ በምን ይለያል?

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከለከለ፤ እሰየው። ነገር ግን ፌስታል ይዛ የተገኘች እናት የምትቀጣ ከሆነ፣ መርዝ በፕላስቲክ አሽጎ ያስገባው ሰው «ባዶውን የት አደረስከው?» ሊባል አይገባም ወይ? በ2002 ዓ.ም. በወጣው የፀረ-ተባይ አዋጅ መሠረት መድኃኒቱ ሳይመዘገብ አገር አይገባም። እንግዲያው ምዝገባው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ ባዶውን ማን፣ የት ይሰበስበዋል? መልስ የሌለው አይመዝገብ!

የመድረሳችንን ጀሪካን ቀይረናል። አሮጌውን ማንም እንዳይጠቀምበት ቀዳድጄ ክፍሌ ጥግ አስቀምጬዋለሁ። የሚቀበለኝ እስካሁን አላገኘሁም።