ሳይሰሙ ስለ መፍረድ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ በአገራችን ከዳኝነት ወንበር ላይ ሳይቀመጥ የሚፈርድ ሰው ብዙ ነው፤ ከነዚሁም አንዱ እኔ ነበርሁ። በ1987 ዓ.ም. በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ አጎቱ ከአሜሪካ የላከለትን ካሴት ለጓደኛው ሲያሳይ አገኘሁትና ነጠቅሁት። በሽፋኑ ላይ «ብላክ ሳባት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ነበረበት፤ ጥቁር ሰንበት ማለት ነው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በመዝሙርና በሃርሞኒየም ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ሰንበትን ጥቁር ብሎ የሚጠራ ሁሉ የሰይጣን ወገን ነው ብዬ ቈረጥሁ። አንዲት ዜማ እንኳ ሳልሰማ ልጁን በሰልፍ ፊት አቁሜ ሰደብሁት፤ አባቱንም አስጠራሁ።

አባቱ ብረት በያጅ ነበሩ። ሸሚዛቸው በእሳት ብልጭታ እንደ ተበሳሳ ከሥራ ቀጥ ብለው መጡ። ልጃቸው ቤት ውስጥ ሲያጫውተው ሰምተውት ኖሮ፥ እርሳቸው ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት ከሚውሉት ድምፅ የተለየ ክፉ ነገር እንዳላገኙበት በትሕትና ነገሩኝ። እኔም ሳቅሁባቸው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የእህቴ ልጅ ቶኒ አዮሚ የሚባለው የዚሁ ቡድን ጊታር መቺ በ2011 ያሳተመውን የሕይወት ታሪክ አመጣልኝ። (ከዚህ ወዲያ ዘመኑን በኤውሮፓ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።) አንብቤ ስጨርስ ያን ካሴት ከነሸፋኑ እንደማስታውሰው ሁሉ የእኒያን አባት ፊት አስታወስሁ። ዛሬም የእኔን የያን ጊዜ ፍርድ በየመድረኩ የሚደግሙ መምህራንና ሰባኪዎች ስለምሰማ፥ ዝም ማለት አልቻልሁም። ይህ ሄቪ ሜታል፥ ማለት ከባድ ብረት የሚባለው ሙዚቃ፥ ሥር የሌለው ጩኸት ነው፤ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው፤ የሰይጣን አምልኮ ነው ይላሉ። ሦስቱንም እንመርምር።

ሥሩ ያለው በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ፥ አስተን በሚባለው ሠፈር ነው። በርሚንግሃም ከብዕር ጫፍ እስከ አውቶሞቢል ድረስ ብረት ስትሠራ የኖረች፥ «የሺህ ሙያ ከተማ» የምትባል ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላኖች በቦምብ ደብድበዋታል። አራቱ የቡድኑ ልጆች ከጦርነቱ በኋላ በ1948ና በ1949 የተወለዱ፥ የወዛደር ቤት ልጆች ናቸው።

አዮሚ የላሜራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሥራውም ምን እንደ ነበረ ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጠፍሁት፤ በያጅ ነበር። በ17 ዓመቱ ሙዚቃን መተዳደሪያው ሊያደርግ ሥራውን ለቀቀ። በመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ ልቅር ቢል እናቱ የጀመርኸውን ጨርስ ብለው መለሱት። ላሜራውን በመኪና እየተጫነ የሚያቀብለው ባልደረባው በዚያ ቀን ስላልመጣ፥ እርሱን ከማያውቀው መኪና ፊት አቆሙት። መኪናው የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈርጦ አስቀረ። እርሱ ግራኝ ነውና፥ ሌላው ሰው በግራ እጁ የጊታሩን ክር እንደሚጫን እርሱ የሚጫነው በዚያው በቀኙ ነበር።

ሐኪሞች ከእንግዲህ አትጫወትም አሉት። የፋብሪካው አለቃ ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ራይንሃርት ሁለት ጣቶቹ በእሳት ተቃጥለው ከጥቅም ውጪ ሆነውበት ሳለ በቀሩት ጣቶች ተጫውቶ ስሙ በዓለም የታወቀ ጊታር መቺ ነበር። አዮሚ ይህን ከሰማ በኋላ የፈሳሽ ሳሙና የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ፥ እንደ ልብስ ሰፊ የጣት ቆብ አድርጎ ቀረጸው፤ ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቈርጦ በላዩ ለጠፈበት፤ በዚያም ክሩን መጫን እንደ ገና ተማረ። ወፍራሙ ክር ስላመመው ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ በገበያ ቢያጣ የባንጆ ክር ገዝቶ አሰረ። ኋላም በ1971 በወጣው በሦስተኛው አልበም በብዙዎቹ ዘፈኖች ክሩን አላልቶ፥ ቅኝቱን በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገው። የላላው ክር ለጣቱ ቀለለለት፤ ድምፁ ግን ከበደ። እንግዲህ በዓለም ሁሉ የሚቀዳው ያ ከባድ ድምፅ የተቈረጠ ጣት ልጅ ነው። «የሥራ ፈቶች ጨዋታ» ያልን ሰዎች ከመካከላችን ላሜራ ነክቶ የሚያውቅ ማን ነው?

የቀሩትንም በአጭሩ ልንገራችሁ። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን በቄራ የሠራ፥ በፋብሪካ የመኪና ጥሩንባ ሲያስተካክል የዋለ፥ ሰርቆም ስድስት ሳምንት ያህል በወኅኒ የታሰረ ድኻ ነበር። ግጥሙን የሚጽፈው ጊዘር በትለር የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ ነበር። ከበሮ መቺው ቢል ዋርድ ሙያውን የቀሰመው የአሜሪካን ጃዝ ከበሮ መቺዎች በማዳመጥ ነው። በ1968 አብረው ሲጀምሩ የሚጫወቱት የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ ነበር። በትለር ደግሞ ሆልስት የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ስለ ጦርነት አምላክ የደረሰውን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ይወድ ነበርና በቤዙ ሲሞክረው፥ አዮሚ ከዚያ ተነሥቶ የመጀመሪያውን አስፈሪ ዜማቸውን አወጣ። ብሉዝ፥ ጃዝ፥ ኦርኬስትራ፤ ሥር የለውም የሚል ሰው ሥር ሲያይ አያውቀውም።

ሠፈሩም ባዶ አልነበረም። በባቡር ጣቢያው አጠገብ «ዘውድ» ከሚባል መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ጂም ሲምሰን የተባለ የጃዝ ጥሩምባ ነፊ የብሉዝ ምሽት ያዘጋጅ ነበር፤ ልጆቹ በዚያ ተጫወቱ፤ እርሱም የመጀመሪያ ሥራ አስኪያጃቸው ሆነ። ከዚያው አካባቢ፥ ከዌስት ብሮሚች፥ ጁዳስ ፕሪስት የሚባለው ሌላው ቡድን ወጣ። የእነርሱ ዘፋኝ ሮብ ሃልፎርድ በልጅነቱ የሚማርበት ትምህርት ቤት ከብረት ማቅለጫ አጠገብ ስለ ነበረ፥ መዶሻው ሲወርድ ዴስኩ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር ይናገራል። (እኔም ባስተምርበት ኖሮ ጠመኔው ከእጄ በወደቀ!) በ1980 የእንግሊዝ የብረት ሠራተኞች ሥራ ባቆሙበት ዓመት ያወጡትን አልበም በመንግሥቱ የብረት ድርጅት ስም «የብሪታንያ አረብ ብረት» አሉት።

አሁን ወደ ሰይጣኑ ክስ እንምጣ። እኔን ያስደነገጠኝ ስም የመጣው ከአንድ የጣሊያን የማስፈራሪያ ፊልም ነው። የቀድሞ ስማቸውን ሌላ ቡድን ይዞት ስላገኙ በ1969 የፊልሙን አርእስት ወሰዱ፤ ነገሩ ይኸው ነው። በ1970 የወጣው የሁለተኛው አልበም መክፈቻ፥ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፥ ድኻውን ወደ ሞት ልከው ራሳቸው የሚሸሸጉትን ሹማምንት የሚረግም ዘፈን ነው። በ1971 ያወጡት አንዱ ዘፈን ደግሞ በእግዚአብሔር ማመንን በግልጽ ይከላከላል። በአንገታቸው ያደረጉትን መስቀል የሠራላቸው መሣሪያ ሠሪ የነበረው የኦዚ አባት ነው።

ይሁን እንጂ ጉድፋቸውን ልሸፍንላችሁ አልፈልግም። ያው የ1971 አልበም የሚከፈተው ሐሺሽን በሚያወድስ ዘፈን ነው። መጠጡና አደንዛዡ ነገር ብዙ ዓመት አሠቃይቷቸዋል፤ በ1979 ኦዚን ከቡድኑ ያባረሩትም በዚሁ ነገር ነው። ይህን የሚነቅፍ መምህር ቢኖር እኔም አብሬው እነቅፋለሁ፤ እርሱ ግን ይህን አይነቅፍም፤ አያውቀውምና።

ለምን አያውቀውም? የእኛ ሰው ከብረትና ከእሳት ጋር የሚውለውን ሁሉ መፍራት የቆየ ልማዱ ነው። ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ ቡዳ ብሎ፥ ሴት ልጁን የከለከለ፥ ማረሻውን ግን ያልመለሰ ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል። እኔ በዚያ ቀን በያጁን አባት ስስቅባቸው ያ አዋጅ ከታወጀ 87 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ታሪክ አስተማሪም ነበርሁ።

እናንተም ብትሆኑ በዚህ አትኩሩ። የራስ ቅል የተሣለበት ጥቁር ሸሚዝ ለብሳችሁ በየካፌው ስትቀመጡ አያለሁ። ሸሚዙን የለበሰውን አንዱን ወጣት አዮሚ ስንት ጣቱን ነው ያጣው ብለው፥ አዮሚ ማነው አለኝ። በእርሱና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት እኔ በማላውቀው ነገር መቈጣቴ፥ እርሱ በማያውቀው ነገር ማጌጡ ብቻ ነው።

በጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱ ሽማግሎች ካደጉበት ከአስተን ሠፈር ሳይወጡ፥ በቪላ ፓርክ የኳስ ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ገቢው ለሕፃናት ሆስፒታልና ለመሰሉት በጎ አድራጎቶች የታሰበ ነበር። ኦዚ በፓርኪንሰን ሕመም መቆም ስለ ተሳነው በዙፋን ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከ17 ቀን በኋላም ሞተ። የእህቴ ልጅ በስልኩ አሳየኝ። ከማን ጋር ባየው እወድ እንደ ነበር ታውቃላችሁ።

ያ ተማሪ ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰም። አባቱ ይሠሩበት ወደ ነበረው ጋራዥ ባለፈው ዓመት ሄጄ ጠይቄ ነበር፤ ቦታው ፎቅ ተሠርቶበታል፤ የሚያውቃቸውም ሰው አልነበረም። ካሴቱ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ።