ለዘመን መለወጫ የሚሆን የስኳር አበባ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲገለጥ ተራራውና ሜዳው አደይ አበባን እንደ ካባ ይለብሳል። በዘመን መለወጫ ቀን ልጆች አበባ ይዘው እየዘመሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ወለሉም ቄጤማ ይጎዘጎዝበታል። በከተማም ከድፎው ዳቦ ጎን በወረቀት ጽዋ የተጋገረ ትንንሽ ኬክ ለልጆች የሚያቀርቡ ቤቶች ይገኛሉ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የዚህ ኬክ ራስ በስኳር አበባ እንዴት እንደሚጌጥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። ነገር ግን ከአሠራሩ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም በኬክ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ሁሉ በልጅ አፍ የሚገባ መሆኑ ነው። ዓይንን ደስ የሚያሰኝ ሁሉ ለሆድ የሚስማማ አይደለም።

ኬክን በትንንሽ ጽዋ መጋገር ከቆየ ዘመን የመጣ ልማድ ነው። አሚሊያ ሲመንስ የተባለች አሜሪካዊት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1796 ዓመት ባሳተመችው የወጥ ቤት መጽሐፍ ስለዚሁ ጽፋለች። በአውሮፓና በአሜሪካ የኬክ ሠሪዎች በጸደይ ወራት፥ ይልቁንም በፋሲካ በዓል፥ የአገራቸውን የጸደይ አበቦች በስኳር አስመስለው በኬኩ ራስ ላይ ያኖራሉ። የእነርሱ ጸደይ የሚጀምረው በመጋቢት ነው፤ የእኛ ምድር ግን በአበባ የምታሸበርቀው በመስከረም ስለሆነ፥ የባዕድን አበባ ከመምሰል የገዛ ምድራችንን አበባ ብንሠራ ለበዓላችን ይስማማል።

አደይ አበባ የዕፅዋት ሊቃውንት ቢደንስ ብለው ከሚጠሩት ወገን ነው። አንድ አበባ መስሎ ቢታይም በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። ስለዚህ በስኳር ሲሠራ በዙሪያው ረዘም ረዘም ያሉ ቅጠሎች፥ በመካከሉም ብዙ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያስፈልጉታል። እውነተኛውን አበባ ከፊት አኑሮ እያዩ መሥራት ከሁሉ ይበልጣል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የአንድ ዕንቁላል ነጩን፥ ክብደቱ ወደ 30 ግራም የሚሆነውን፥ ከአስኳሉ ፈጽሞ ለይቶ ንጹሕና ቅባት ያልነካው ሣህን ውስጥ መጨመር ነው፤ ጥቂት ቅባት ወይም አስኳል ከገባበት አረፋው አይነሣም። በዚህ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ውኃ፥ ከዚያም በወንፊት የተነፋ 200 ግራም ያህል ዱቄት ስኳር ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ መምታት ይገባል። መምቻው ሲነሣ የሊጡ ጫፍ ሳይጎነበስ ቀጥ ብሎ የቆመ እንደ ሆነ ደርሷል ማለት ነው። ሊጡ ከነፋስ ጋር ሲገናኝ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ሣህኑን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል።

ለቀለሙ በሁለት ጣት የሚያዝ የተነፋ እርድ ይበቃል። እርድ በዕንቁላል ነጭ ውስጥ ሲገባ ወደ ቀይነት ሊያዘነብል ይችላል፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ግን ብጫነቱን ይጠብቅለታል። ከዚህ በኋላ የመጋገሪያ ወረቀት እንደ ጥሩምባ ጠቅልሎ፥ ሊጡን ከቶ፥ ጫፉን በመቀስ ጥቂት መቁረጥ ነው። በሌላ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ከዳር ጀምሮ አንድ ጠብታ ጫን አድርጎ ወደ መካከል ስብ ቢያደርጉት አንድ የአበባ ቅጠል ይሆናል። እንዲሁ ዙሪያውን ከሞሉ በኋላ፥ እርድ ትንሽ በተጨመረበት ሊጥ መካከሉን ነጠብጣብ ማድረግ ነው።

አበባው ከወረቀቱ ሳይሰበር እስኪላቀቅ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይደርቅ። በጳጉሜን ዝናቡ ገና ያልተወ ስለሆነና ስኳርም እርጥበትን የሚስብ ስለሆነ፥ ከእንፋሎት ርቆ ሞቅ ባለ ስፍራ ማኖር ይገባል። ከደረቀ በኋላ ብርሃን የእርዱን ቀለም ስለሚያደበዝዘው በወረቀት ሣጥን ከድኖ ማስቀመጥ ይሻላል። በዚህ ዓይነት በጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀኖች ተሠርቶ ለመስከረም 1 ቀን ይደርሳል። በኬኩ ላይ የሚቀመጠውም እንግዳ ሊቀርብ ሲል ነው፤ አስቀድሞ የተቀመጠ እንደ ሆነ ከክሬሙ እርጥበት የተነሣ ይሟሟል።

ስለ ቀለም ነገር የምንመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬድሪክ አኩም የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ዓመት በሎንዶን ባሳተመው መጽሐፍ፥ የልጆች ጣፋጭ በእርሳስና በመዳብ ቀለም እንደሚቀባ ገልጦ ነበር። ይህ የጥንት ነገር ብቻ መስሎ እንዳይታየን፥ በ2018 በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ስድስት ልጆች የወርቅ መልክ ያለው ዱቄት የተነሰነሰበት የልደት ኬክ በልተው ታመሙ፤ ዱቄቱም መዳብ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። በ2019 ደግሞ በሚዙሪ በአንድ ሕፃን ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ በልደቱ ኬክ ላይ የነበረው ብጫ የአበባ ቀለም ሲመረመር ከመቶ 25 እጅ እርሳስ ነበረበት። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ የሚጎዳ ማዕድን ነው፤ ጉዳቱም በኋላ የሚመለስ አይደለም።

ስለዚህ የቀለም ዱቄት የሚገዛ ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባዋል። «መርዝ የለበትም» የሚለው ቃል «ይበላል» ማለት አይደለም። ለምግብ መሆኑና ከምን እንደ ተሠራ ያልተጻፈበትን ሁሉ ከወጥ ቤት ማራቅ ነው። እርድም ቢሆን መመርመር ይገባዋል፤ በ2019 በባንግላዴሽ የተደረገ ጥናት፥ እርዱ ደምቆ እንዲታይ እርሳስ ያለበት ብጫ ቀለም እንደሚቀባ ገልጧል። ስለዚህ ድምቀቱን አይቶ ከመግዛት፥ ከታመነ ነጋዴ ሥሩን ወስዶ፥ አጥቦና ልጦ በቤት መውቀጥ ይሻላል።

ደግሞ ያልበሰለ ዕንቁላል ሳልሞኔላ የተባለውን ተሐዋሲ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ለሕፃናት፥ ለእርጉዞችና ለሽማግሌዎች በሚቀርበው ላይ፥ ተሐዋሲው በሙቀት የጠፋለትን የደረቀ የዕንቁላል ነጭ ዱቄት በላዩ እንደ ተጻፈው መጠን በውኃ በጥብጦ መጠቀም ያስፈልጋል። ይህ ያልተገኘ እንደ ሆነ ዱቄት ስኳር በሎሚ ውኃ ለውሶ የኬኩን ራስ መቀባት ይበቃል፤ ልጅ ጌጡ ስላነሰ አይጎዳም።

የቤት እመቤት ክብሯ የሚታወቀው በማዕዷ ላይ በሚያብረቀርቀው ነገር ብዛት አይደለም፤ ያቀረበችው ሁሉ ከምን እንደ ተሠራ ስትጠየቅ ያለ ማመንታት ለመመለስ በመቻሏ ነው እንጂ። የቤቱም ጌታ ለበዓል ከገበያ ሲገዛ ይህንኑ ቢጠይቅ የልጆቹን ጤና መጠበቁ ነው። በሚመጣው ዘመን መለወጫ ከዕንቁላል፥ ከስኳር፥ ከሎሚና ከእርድ የተሠራ አደይ በየማዕዱ ላይ እንዲታይ ምኞታችን ነው።