«ላብራቶሪ የለንም» የምትባለዋ ሰበብ

ጎበዝ፣ እስቲ ስለ አረማመድ እናውራ። ስትሮክ የመታው አባት ወይም እግሩ ቆልማማ ሆኖ ተወልዶ የታከመ ልጅ ለክትትል ሲመጣ እዚህ አገር አረማመዱ በአብዛኛው የሚመዘነው በዓይን ነው። «እስቲ ወዲያ ሂድ፤ እስቲ ተመለስ።» ከዚያ ካርዱ ላይ «መሻሻል አለ» ይባላል። ጉልበቱ ስንት ዲግሪ ታጠፈ? በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ ቢያየው ከምን ጋር ሊያወዳድር ነው?

ይህን ስናነሳ መልሱ ያው ነው፤ «መሣሪያው ውድ ነው፣ ላብራቶሪ የለንም።» ውድነቱስ እውነት ነው። ገላ ላይ አንጸባራቂ ኳሶች ለጥፎ፣ ዙሪያውን በኢንፍራሬድ ካሜራ ከቦ፣ ወለል ውስጥ ኃይል መለኪያ ሰሌዳ ቀብሮ የሚሠራ ላብራቶሪ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ግን ሰበቡ ከሳሳ ቆይቷል። በፈረንጆቹ 2010 ማይክሮሶፍት ኪኔክትን ለጌም ብሎ በ150 ዶላር ሲያወጣ፣ ተመራማሪዎች ወስደው አረማመድ መለኪያ አደረጉት። (የኪኔክት ምርት በ2017 ቆመ፤ ሐሳቡ ግን አልቆመም።) የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 ጥናቱን ያሳተሙለት ኦፕንካፕ ደግሞ የሚጠይቀው ሁለት አይፎን፣ ሁለት መቆሚያና የዳማ ገበታ የመሰለ ሥዕል የታተመበት ወረቀት ነው። ከቪዲዮው መገጣጠሚያዎቹን ይለይና የሁለቱን ካሜራ እይታ አገናኝቶ በአጽምና በጡንቻ ሞዴል ላይ ያሰላዋል። ለአካዳሚክ ምርምር ነጻ ነው። የማዕዘን ስሕተቱም በአማካይ 4.5 ዲግሪ ገደማ ነው።

«ይሄማ መጫወቻ ነው» የሚሉን አሉ። በዚህ ብቻ ቀዶ ጥገና ይወሰን አላልንም! ነገር ግን እናንተ የምታወዳድሩት ከሌለን ላብራቶሪ ጋር ነው፤ እኛ ደግሞ በየቀኑ ከምንሠራበት ግምት ጋር።

እኛን የሚያበሽቀን ዋጋው አይደለም። የኮምፒውተር ተማሪው የመመረቂያ ፕሮጀክት አጥቶ ለስንተኛ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ ሲስተም ይሠራል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ እዚያው ከተማ ውስጥ በዓይኑ ይገምታል። ማን ያገናኛቸው? የውጭ ፕሮጀክት እስኪመጣ ይጠበቃል።

ደግሞ ሌላ ሰው የማይሠራልን ሥራ አለ። ሰፊ ልብስ መገጣጠሚያን ስለሚደብቅ ካሜራው ይሳሳታል። እናቶቻችንን በረጅም ቀሚስና በነጠላ ሲቀርጽ ምን ያህል እንደሚስት ካሊፎርኒያ ሆኖ የሚፈትሽልን የለም። ኦፕንካፕ ቪዲዮውን የሚያሰላው ኢንተርኔት ላይ ባለ ሰርቨር ነው፤ የታካሚው ፊት ጭምር ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ፈቃዱም ይጠየቅ። ለዚህ ደግሞ አንድ ባዶ ኮሪደርና ሁለት ፈቃደኛ መምህራን ካሉ በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመር ይቻላል።