ትኬት ይዞ መሬት መቅረት

ከወራት በፊት ትኬቱን የቆረጠ፣ ሙሉ ዋጋውን የከፈለ፣ በሰዓቱ ኤርፖርት የደረሰ ተሳፋሪ «በረራው ሞልቷል» ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

አየር መንገዶች ከመቀመጫ ቁጥር በላይ ትኬት የሚሸጡት ተሳስተው አይደለም። ከቆረጡት ውስጥ የማይመጣ ሰው መኖሩን ስለሚያውቁ አስልተው ነው። በብዙ አገሮችም ሕጋዊ ነው። ጥያቄው ስሌቱ ሲከሽፍ ኪሳራውን ማን ይሸከም የሚለው ነው። መልሱ ቀላል ነው፦ ትርፉን ያሰላው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቺካጎ ውስጥ ዩናይትድ ኤርላይንስ ለራሱ ሠራተኞች አራት መቀመጫ ፈልጎ፣ አልወርድም ያለ ተሳፋሪ እየተጎተተ ከአውሮፕላን ወረደ። ዓለም ከተቆጣ በኋላ ኩባንያው በፈቃዱ መቀመጫ ለሚለቅ ሰው እስከ 10,000 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ። ቀድሞ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ኖሮ ፈቃደኛ ባልጠፋ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 261/2004 የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። አየር መንገዱ መጀመሪያ ፈቃደኛ ይፈልጋል። ያለፈቃዱ ለሚቀር ሰው ግን ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ ካሳው 600 ዩሮ ነው፤ ተለዋጩ በረራ ብዙ ሳይዘገይ ካደረሰው በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ገንዘቡ እንዲመለስለት ወይም በሌላ በረራ እንዲሄድ ይመርጣል። በሌላ በረራ ለመሄድ ከመረጠ፣ እስኪሳፈር ምግብ፣ ማደር ካስፈለገም ሆቴል ይገባዋል።

ሕጉ የሚያየው ፓስፖርት ሳይሆን መነሻ ነው። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው በየትኛውም አየር መንገድ ቢሳፈር መብቱ አለው። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ግን ይህ ሕግ የሚሠራለት የኅብረቱ አገር አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው። ተሳፋሪው ያው፣ መንገዱ ያው፤ ሲሄድ ያለው ከለላ ሲመለስ ላይኖር ይችላል።

ይህ መስተካከል አለበት። ቁርጥ ያለ ካሳ የሚያስቀምጥ ተመሳሳይ ደንብ በየመነሻ አገሩ ሊኖር ይገባል። እስከዚያው ተሳፋሪው የቀረበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ከአውሮፓ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ ቫውቸር ለመቀበል የመፈረም ግዴታ እንደሌለበት ይወቅ።

600 ዩሮ ያመለጠን ቀብር ወይም ሠርግ አይመልስም። ቢያንስ ግን አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ ትርፍ ትኬት ከመሸጡ በፊት ሁለቴ እንዲያሰላ ያደርገዋል።